አውቶሞቢልን ፖሊሽ ማድረግና ሰም መቀባት አንድ አይደለም



ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው አስተያየት ለብዙ የመንግሥት ሠራተኞች፤ ይልቁንም አውቶሞቢል ለሚይዙና ለሚያስይዙ ኃላፊዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፤ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ በከተማችን በአዲስ አበባ ዋጋቸው ከፍ ያለ አውቶሞቢሎች በርክተዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥቁር መርቸዲስ፤ ነጭ ላንድ ክሩዘር፤ ብርማ ፕራዶ ተሰልፎ ይታያል። የግል ባለ ንብረቱም ሆነ መኪና በአደራ የተሰጠው ሹም ንብረቱ ጸድቶና አብረቅርቆ እንዲታይ መፈለጉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን የሚያብረቀርቅ ሁሉ ተጠብቋል ማለት አይደለም። ዛሬ በከተማችን የመኪና ቀለም እንክብካቤ ተብሎ ገንዘብ ከሚከፈልበት ሥራ አብዛኛው ቀለሙን የሚጠብቅ ሳይሆን ቀለሙን የሚጨርስ ነው። ምክንያቱም ፖሊሽ ማድረግ ማለት መፋቅ ነው፤ ሰም መቀባት ማለት ግን መሸፈን ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ሥራዎች ሲሆኑ እንደ አንድ መቆጠራቸው የግል ገንዘብንም የሕዝብን ንብረትም ያባክናል፤ ከዚያም አልፎ ጥፋት የሌለበትን ሰው ያስወቅሳል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የአውቶሞቢል ቀለም እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በላሜራው ላይ ያለው አንድ ቀለም ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። በፋብሪካ የመኪናው አካል ከታጠበ በኋላ ዝገት መከላከያ በያዘ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ልባሱ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲይዘው ይደረጋል። በዚያ ላይ የመሠረት ቀለም ይቀባል። ከመሠረቱ በላይ ዓይናችን የሚያየው ጥቁሩ ወይም ነጩ ቀለም ይመጣል። ከሁሉ በላይ ግን ቀለም የሌለው፤ እንደ መስተዋት የጠራ ልባስ ይደረብበታል። ቀለም ቀቢዎቻችን ክሊር የሚሉት ይህንን ነው። ለመኪናው ብልጭታ የሚሰጠው፤ ከሥሩ ያለውንም ቀለም ከፀሐይና ከዝናም የሚጠብቀው ይኸው ክሊር ነው።

የዚህ ሁሉ ድርብርብ ውፍረት ቢለካ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል። አንድ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። እኛ የቢሮ ሰዎች በየቀኑ የምንጽፍበት ተራ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። እንግዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የወጣበት አውቶሞቢል ውበቱ በሙሉ የሚገኘው በአንድ ወረቀት ወይም በአንድ ወረቀት ተኩል ውፍረት ውስጥ ነው ማለት ነው። ክሊሩ ለብቻው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ይኸውም የአንድ ወረቀት ግማሽ ነው።

አሁን ፖሊሽ ወደሚባለው እንምጣ። ፖሊሽ በውስጡ እጅግ የደቀቀ የሚፍቅ ዱቄት ያለበት ቅባት ነው። ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚባለው ሲሆን፤ ይኸው ዱቄት ሸካራ ሆኖ ሲዘጋጅ አናጢዎች የሚጠቀሙበት የብርጭቆ ወረቀት ይሠራበታል። መኪና ፖሊሽ ሲደረግ ጭረቱ የሚጠፋው ጭረቱ ስለተሞላ አይደለም። በጭረቱ ዙሪያ ያለው ደኅነኛው ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ተፍቆ ዝቅ ስለሚል ነው። ቀላል ፖሊሽ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ያህል ቢያነሣ፤ ሻካራው ቅባት በማሽን ሲሠራ ከዚያ የበለጠ ያነሣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ጭረት ለበዛበት መኪናም አስፈላጊ ይሆናል። በየወሩና በየበዓሉ ሲደጋገም ግን በወረቀት ላይ ያለን ጽሕፈት በላጲስ ደጋግሞ እንደ መፋቅ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ይመስላል፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ይቀደዳል።

ክሊሩ ሲሳሳ በመጀመሪያ የሚጎዱት ጠርዞች ናቸው። የኮፈኑ ጫፍ፤ የበሩ መታጠፊያ፤ የጣራው ዳርና ዳር ቀለሙ ከመጀመሪያውም የሳሳባቸው ቦታዎች ናቸው። የሚሽከረከረውም ማሽን ኃይሉና ሙቀቱ በጠርዝ ላይ ይበረታል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ የሳሳውን ክሊር ታደርቀዋለች፤ ይነጣል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭም ይላጣል። እዚህ ደረጃ የደረሰን ቀለም ምንም ዓይነት ቅባት አይመልሰውም፤ እንደገና ከመቀባት በቀር መድኃኒት የለውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ታዲያ ይህ ልማድ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእኔ አስተያየት ሥራውን የጀመሩት አባቶች አልተሳሳቱም። አውቶሞቢል በተፈጠረ ጊዜ የሚቀባው እንደ ሠረገላ በቫርኒስ ስለ ነበረ፤ የአንድ መኪና ቀለም እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ ዱኮ የተባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም አወጡ። ይህ ቀለም ሥራን ቢያፋጥንም በላዩ ክሊር የሚባል ልባስ አልነበረውም። ፀሐይ ሲያገኘው ይፈዝ፤ እንደ ኖራም ዱቄት ያወጣ ነበር። ስለዚህ የሞተውን የላይኛውን ቀለም በፖሊሽ አንሥቶ በሰም መዝጋት ግዴታ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ሾፌሮች ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ተነሥቶ ሲታያቸው ሥራው መሠራቱን ያውቁ ነበር። ከ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ወዲህ ግን ክሊር ያለበት ቀለም በዓለም ላይ ተስፋፋ። መኪናው ተለወጠ፤ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የመጣው ልማድ ግን አልተለወጠም። ዛሬ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጠራጊው ዓይቶ የማያውቀው ክሊር ነው። ክሊር መልክ ስለሌለው ሲያልቅ አይታይም፤ ማለቁ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ሰም የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰም የሚቀባው በክሊሩ ላይ እንጂ ከክሊሩ ተቀንሶ አይደለም። ለመኪና ከሚሠራባቸው ሰሞች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ካርናውባ ይባላል። የሚገኘውም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፤ ፒያዊና ሴያራ በሚባሉት ክፍላተ ሀገርና በአካባቢያቸው ከሚበቅል የዘንባባ ዘር ነው። ዛፉ በድርቅ ወራት ውሃው ተንኖ እንዳያልቅበት ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል። ገበሬዎቹ ቅጠሉን ቆርጠው ያደርቁታል፤ ሲመታም ሰሙ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ይህ ሰም ጠንካራ ነው፤ የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው። አገራችን በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዷ እንደ መሆኗ፤ ስለ ምን የራሳችንን የንብ ሰም አንቀባም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው። ጥቁር ኮፈን ደግሞ በቀትር ፀሐይ እጅ የማያስነካ ትኩሳት ስላለው፤ የንብ ሰም ብቻውን ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። ስለዚህ ሌሎች ቅባቶችና ጠንካራ ሰሞች ተጨምረውበት ካልተዘጋጀ በቀር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የሰሙ ጥቅም ምንድን ነው ቢባል፤ ውሃ እንዳያድር፤ አቧራና የወፍ ኩስ በቶሎ እንዲነሣ፤ ጨርቅም በቀለሙ ላይ ሳይጎትት እንዲንሸራተት ያደርጋል። ነገር ግን ሰም ዘለዓለማዊ አይደለም። በፀሐይ፤ በዝናምና በሳሙና እየታጠበ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። መኖሩንም ለማወቅ ቀላል ነው። በታጠበ ኮፈን ላይ ውሃ ሲረጭ ክብ ክብ እየሆነ የሚንከባለል ከሆነ ሰሙ አለ፤ ተንጣሎ የሚቀር ከሆነ ሰሙ አልቋል። በቅኔያችን ወርቁን ለማግኘት ሰሙ ይገፈፋል። በአውቶሞቢል ግን ሰሙ በተገፈፈ ቁጥር ሌላ ሰም መተካት ነው እንጂ ወርቁን መንካት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በገበያ ላይ ፖሊሽና ሰም በአንድ ቆርቆሮ ተደባልቀው የሚሸጡ ቅባቶች ሞልተዋል። ገዢው ሰም የቀባ መስሎት ይፍቃል። ደግሞም አንዳንዱ ቅባት ጭረቱን ለጊዜው የሚሞላ ዘይት ስላለበት መኪናው በዚያው ቀን እንደ አዲስ ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ግን ጭረቱ ተመልሶ ብቅ ይላል። ባለቤቱም አልተሠራልኝም ብሎ እንደገና ያስፍቀዋል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሴራሚክ የሚባል ልባስ መጥቷል። ይህም በአግባቡ ከተቀባ ከሰም ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይሁን እንጂ እርሱም እጅግ ስስ ልባስ ነው፤ በአሸዋ የተሞላ ጨርቅ የሚያመጣውን ጭረት አይከለክልም። ሴራሚክ ከመቀባቱ በፊትም መኪናው ፖሊሽ መደረጉ የተለመደ ስለሆነ፤ በየዓመቱ ሴራሚክ ላስቀባ የሚል ሰው በየዓመቱ እያስፋቀ መሆኑን አይርሳ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ጭረቱ በመጀመሪያ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ከአስተጣጠቡ ነው። ጥቁር መኪና በፀሐይ ላይ ሲቆም እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ የሚታየው ጭረት ሌላ መኪና ገጭቶት አይደለም፤ እኛው በጨርቅ ያደረግነው ነው። አዲስ አበባ በየቦታው ሕንፃ የሚሠራባትና መንገድ የሚቆፈርባት ከተማ ናት፤ አቧራዋም አሸዋና ሲሚንቶ የተቀላቀለበት ነው። ይህ አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ፤ ወይም በአንድ ባልዲ ውሃ አምስት መኪና ሲታጠብ፤ እያንዳንዷ የአሸዋ ፍሬ በክሊሩ ላይ መስመር እየሳለች ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሹሙ ከመውጣቱ በፊት አቧራውን በላባ መጥረጊያ ወይም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የትጋት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። በእውነቱ ግን ከአቧራው ይልቅ ጠረጋው ይጎዳል።

በዚህ ነገር በየላቫጆውና በየመንገዱ ዳር የሚያጥቡትን ወጣቶች መውቀስ የተለመደ ነው። እኔ ግን ወቀሳው በቦታው አይደለም እላለሁ። ለልጁ አንድ ባልዲና አንድ የተቀደደ ሹራብ ሰጥተን፤ ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር አቁመን፤ ስብሰባ አለብኝ፤ ቶሎ በል እያልን በላዩ ላይ የምንቆመው እኛው ነን። ለሩብ ሰዓት ከፍለን የአንድ ሰዓት ሥራ እንጠብቃለን። የልብስ ሳሙና ዱቄት ቅባትን ሁሉ የሚያነሣ ስለሆነ ከቆሻሻው ጋር ሰሙንም እንደሚያጥብ ለልጁ የነገረው የለም። ጎማው ጥቁር ሆኖ እንዲያበራ ናፍጣ እንዲቀባም የሚያዘው ባለመኪናው ነው፤ ናፍጣ ግን ጎማን ያልማል፤ ያበላሻልም።

የአገራችንም አየር የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል፤ ቀለሙን የሚያደርቀው ግን ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ጨረሩም ነው። በዛፍ ጥላ ሥር እናቁመው ቢባል የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ አለ። የወፍ ኩስ ቀለምን የሚበላ አሲድ ስላለበት፤ በቀትር ፀሐይ አንድ ቀን ከዋለ በክሊሩ ላይ ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ሰም ያለበት መኪና ከዚህ ሁሉ ጥቂት ጊዜ ያገኛል፤ የተፋቀ መኪና ግን ራቁቱን ነው።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት ነገር ነው። ለአንድ ከፍተኛ ኃላፊ አገልግሎት የተመደበ ጥቁር አውቶሞቢል ነበረ። ለእንቁጣጣሽ፤ ለገና፤ ለፋሲካ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም መኪናው ፖሊሽ ይደረግ ተብሎ ይታዘዛል። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የጣራውና የኮፈኑ ክሊር ተላጠ። በዚህ ጊዜ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው አንጋፋ ሾፌር፤ በእንክብካቤ ጉድለት ንብረት አበላሽተዋልና የቀለሙ ዋጋ ከደመወዝዎ ይቆረጣል የሚል ደብዳቤ ተጻፈላቸው። እርሳቸውም፤ ልጆቼ፤ እኔ ከታዘዝሁት የጨመርሁት የለም፤ እጅግ ስለ ጠበቅሁት ነው የተከሰስሁት ብለው ዝም አሉ። በኋላ ከንብረት ክፍል የመጣ አንድ ሠራተኛ የክፍያ ሰነዶቹን አውጥቶ ሲያይ፤ ለፖሊሽ የተከፈለበት ደረሰኝ የሞተር ዘይት ከተለወጠበት ደረሰኝ ይበልጥ ነበር። ቅጣቱ ተነሣላቸው። ነገር ግን ይቅርታ የጠየቃቸው የለም፤ መኪናውም በመንግሥት ገንዘብ እንደገና ተቀባ። እኒህ ሰው ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ሲሰናበቱ በፋይላቸው ውስጥ የቀረው ያ የወቀሳ ደብዳቤ ነው።

ቀለምን እንደገና ማስቀባት ይቻል የለም ወይ የሚል ቢኖር፤ የተቀባው የፋብሪካውን እንደማይተካ ማወቅ አለበት። በፋብሪካ ክሊሩ በባዶው የመኪና አካል ላይ ሆኖ 140 ዲግሪ ያህል በሆነ ሙቀት ይጋገራል። ጋራዥ ውስጥ ግን ሽቦው፤ ፕላስቲኩና ወንበሩ ስለሚጎዳ ሙቀቱ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ቢደርስ ነው፤ ማሞቂያ ክፍል የሌለው ጋራዥ ደግሞ በፀሐይ ያደርቃል። አቧራ የገባበት፤ መልኩ ከበሩ ጋር የማይገጥም ኮፈን በከተማችን ብርቅ አይደለም።

ሕዝቡ የኑሮ ውድነት በከበደበት ጊዜ ስለ ውድ መኪና ሰም መጻፍ ቅንጦት ነው የሚሉኝ አንባብያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነቀፋቸውን አከብራለሁ። መልሴም ይህ ነው። የመንግሥት አውቶሞቢል የሹሙ ጌጥ አይደለም፤ ግብር ከፋዩ ያዋጣበት ንብረት ነው። ቀለሙም፤ ክሊሩም፤ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። እንግዲህ በእጃችን ያለውን መኪና ለብዙ ዓመታት ማቆየት ለሀብታምም ለድኻም የማይቀር ዕዳ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛም ቢሆን ሞተሩ ተለወጠ እንጂ የቀለሙ ነገር ያው ነው። በዚያም ላይ ደመወዙን ቆጥቦ አንዲት አሮጌ ቪትዝ የገዛ ሠራተኛ ክሊሩ ከሚኒስትሩ መኪና አይወፍርም፤ የሚፈቀው ግን በዚያው ላቫጆ፤ በዚያው ማሽን ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን ሐሳብ ለመሥሪያ ቤቶችም ለግለሰቦችም አቀርባለሁ።

1ኛ፤ መኪና ከመነካቱ በፊት አቧራው በብዙ ውሃ ይውረድ። ከዚያም በሁለት ባልዲ ይታጠብ፤ በአንዱ የመኪና ሳሙና፤ በሁለተኛው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ ይሁን። እጥበቱ ከጣራ ተጀምሮ ወደ ታች ይውረድ፤ የጎማው ጨርቅ ለብቻው ይሁን። ጨርቁም ማይክሮፋይበር የሚባለው ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል፤ መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ መኪናውን አይንካ። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ፈጽሞ ይቅር።

2ኛ፤ ሰም በዓመት አራት ጊዜ ይቀባ። ለእኛ አገር የሚስማማው ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት መጨረሻ፤ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም፤ ከዚያም በታኅሣሥና በመጋቢት ነው። ሥራውም በጥላ፤ ላሜራው ቀዝቅዞ ሳለ፤ ሰሙን በስሱ በመቀባት ይሁን። ብዙ ሰም መለደፍ ጨርቅ ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

3ኛ፤ ፖሊሽ ያለ ልኬት አይፈቀድ። የቀለም ውፍረት የሚለካ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ አለ። መሥሪያ ቤቶች በጋራ አንድ ቢገዙ ለብዙ መኪና ይበቃል። ነገር ግን አካላቸው ከአሉሚኒየም የተሠራ አንዳንድ ውድ መኪኖች፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የወጣው ሬንጅ ሮቨር፤ በማግኔት ብቻ በሚሠራ መሣሪያ ስለማይለኩ፤ ለሁለቱም የሚሆነውን መግዛት ያስፈልጋል።

4ኛ፤ በእያንዳንዱ መኪና ፋይል ውስጥ የዘይት ለውጥ እንደሚመዘገብ ሁሉ፤ ሰም የተቀባበትና ፖሊሽ የተደረገበት ቀን፤ ያዘዘውም ሰው ስም ይመዝገብ። ያዘዘ ሰው ፊርማ ካለ ያልፈረመው ሾፌር አይጠየቅም።

5ኛ፤ ለሚያጥቡት ወጣቶች በጥድፊያ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚከፈል ዋጋ ይሰጣቸው። የሙያ ማሠልጠኛዎችም ይህን ሥራ እንደ ሙያ ቆጥረው ለጥቂት ቀናት ቢያስተምሩ፤ ወጣቱ ከባልዲ ተሸካሚነት ወደ ባለ ሙያነት ይሸጋገራል። ላቫጆ የሚያሠሩ ነጋዴዎችም ከመፋቂያው ማሽን ይልቅ በሰሙና በአስተጣጠቡ ስም ቢያወጡ ደንበኛቸው አይቀንስም።

በመጨረሻም በበዓል ዋዜማ መኪናው ያብረቅርቅ ብለው የሚያዙ አለቆቻችን ከማዘዛቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቁ አሳስባለሁ፤ ይኸውም፤ የሚጨመርበት ነው ወይስ የሚቀነስበት የሚል ነው። የሚጨመርበት ከሆነ ይቀባ። የሚቀነስበት ከሆነ ግን ስንት ቀርቶታል ብለው ያስለኩ። የእኒያን ሾፌር የወቀሳ ደብዳቤም ከፋይላቸው ለማውጣት ሥልጣን ያለው ሰው ይህን ካነበበ፤ ጊዜው አላለፈም።



አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ